ዘበኛውን ከማሰናበታችሁ በፊት፦ የከርነል ሎግ ቅንፍ ውስጥ ያለው ቁጥር የግድግዳ ሰዓት አይደለም

አንድ አንባቢ የላከልኝ ጥያቄ ይህ ነው። (ለማያውቅ፦ ከርነል የኮምፒውተሩ ሲስተም እምብርት ነው፣ ሎግ የሚጽፈው ማስታወሻ ነው፣ ዲሜሴጅ ያንን ማስታወሻ የሚያሳይ ትእዛዝ ነው፣ ሰረዝ ትልቁ ቲ ደግሞ ቁጥሩን ወደ ቀንና ሰዓት እንዲቀይር የሚያዘው ምልክት ነው።)

«ሰላም ወንድሜ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ መጋዘን አለን። የእቃ መዝገቡ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ነው፣ ኡቡንቱ 18.04። ባክአፕ የሚወስደው የራሱ አዳፕተር ያለው ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ነው። ትናንት ባክአፑ ተበላሽቶ አገኘነው። ዲሜሴጅን በሰረዝ ትልቁ ቲ ሳወጣው ዲስኩ የተነቀለው ማክሰኞ 00፡30 ነው ይለኛል። ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። በዚያ ሰዓት ግቢው ውስጥ ከዘበኛው ጋሼ በቀር ሰው የለም። እሳቸው ቢሮውን አልከፈትኩም ይላሉ። ደብተራቸው ላይ ያለው «ማክሰኞ 8 ሰዓት ተኩል መብራት ሄደ፣ ጄኔሬተር አስነሳሁ» የሚል ብቻ ነው። ላፕቶፑ ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ተነስቶ ከዚያ ወዲህ አልጠፋም፣ ማታ ማታ ክዳኑን ዘግተን ነው የምንሄደው። አለቃዬ ጋሼን ሊያሰናብታቸው ነው። ሎግ ሊሳሳት ይችላል? ያለ ቲ ሳወጣው ደግሞ እንዲህ ይላል፦

[36010.512208] ፒኤም፦ ሰስፔንድ ኤንትሪ
[36012.801544] ፒኤም፦ ሰስፔንድ ኤግዚት
[59412.371090] ዩኤስቢ 2-1፦ ዩኤስቢ ዲስኮኔክት፣ ዲቫይስ ነምበር 3
[59412.904417] ኒክ ሊንክ ኢዝ ዳውን
[59661.118735] ዩኤስቢ 2-1፦ ኒው ሱፐርስፒድ ዩኤስቢ ዲቫይስ ነምበር 4»

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ለአለቃህ ደውልና ቆይ በለው። ጋሼ ልክ ናቸው። አዝኜላቸው አይደለም እንዲህ የምልህ፤ አንተው የላክኸው አምስት መስመር ነው የሚመሰክርላቸው። ችግሩ ያለው ቲ ላይ ነው።

ከቅንፉ እንጀምር። 59412.371090 የሚለው ቁጥር ሰዓት አይደለም። ከርነሉ ከተነሳ ጀምሮ ያለፈ ሰከንድ ነው። ከነጥቡ በኋላ ያሉት ስድስት አኃዞች የሰከንድ ሚሊዮንኛ ናቸው። ውስጥ ውስጡን እንዲያውም በናኖሰከንድ ነው የሚያዘው፣ ሲታይ ነው የሚቆረጠው። የክርስትና ቀን እንደመቁጠር አስበው። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ይባላል። 40 ራሱ ቀን አይነግርህም። ልጁ መቼ እንደተወለደ ካላወቅህ ድግሱን በየትኛው ቀን እንደምትደግስ አታውቅም። የልደቱን ቀን ከተሳሳትህ ደግሞ ቆጠራው ልክ ሆኖም ድግሱ ይሳሳታል። ከርነሉ የሚያውቀው «ከተወለድኩ ይህን ያህል ሆነኝ» የሚለውን ብቻ ነው።

ለምን ትክክለኛውን ቀንና ሰዓት አይጽፍም ታዲያ? ሁሉም የሚጠይቀው ነገር ነው። መልሱ ቀላል ነው፦ አይችልም፣ ቢችልም አይመቸውም። ከርነሉ መጻፍ የሚጀምረው ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ነው። ሰዓቱ ራሱ አልተዘጋጀም። ለዚህ ነው ከላይ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ብዙ መስመሮች ሁሉም 0.000000 የሚሉት፤ አንድ ላይ ስለተፈጸሙ ሳይሆን የሚቆጥር ነገር ገና ስላልነበረ። ሁለተኛ፣ ከርነል መልእክት የሚጽፈው ከየትም ቦታ ነው፣ ሌላው ሁሉ ቆሞ እሱ ብቻ በሚሮጥበት አስቸጋሪ ቅጽበት ጭምር። በዚያ ሰዓት ቁልፍ ይዞ ተሰልፎ «ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ መጠየቅ ማሽኑን ሊያደርቀው ይችላል። ስለዚህ የፕሮሰሰሩን የራሱን ፈጣን ቆጣሪ አየት አድርጎ ይጽፋል። ፈጣን ነው፣ ማንንም አያስጠብቅም፣ ግን የቀን መቁጠሪያ የለውም።

አሁን ወደ ቲ። ዲሜሴጅ ሰረዝ ትልቁ ቲ ሲባል የሚያደርገው ነገር ስሌት ነው። ያሁኑን ሰዓት ይወስዳል፣ ማሽኑ ከተነሳ ስንት ጊዜ እንደሆነው ይቀንሳል፣ «እንግዲህ የተወለደው ሰኞ 08፡00 ነው» ይላል። ከዚያ በየመስመሩ ያለውን ሰከንድ ይደምርበታል። ያንተ 59412 ሰከንድ 16 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ከ12 ሰከንድ ነው። ሰኞ 08፡00 ላይ 16 ሰዓት ተኩል ደምር፦ ማክሰኞ 00፡30። ይኸው ሌሊትህ።

ስህተቱ የት ገባ? የከርነሉ ሎግ ቆጣሪ ላፕቶፑ ሲተኛ አብሮ ይተኛል። ክዳኑን ሰኞ ማታ 12 ሰዓት ዘጋችሁት፣ ማክሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ከፈታችሁት። በመሃል 14 ሰዓት አለ። ሎጉ ላይ ግን ያ 14 ሰዓት ስንት ሆኖ ታየ? «ሰስፔንድ ኤንትሪ» (ሊተኛ ሲል) 36010.5፣ «ሰስፔንድ ኤግዚት» (ሲነቃ) 36012.8። ሁለት ሰከንድ ከምናምን! ሌሊቱ በሙሉ ተውጧል። ማሽኑ ከተነሳ ስንት ጊዜ ሆነው የሚለው ቁጥር ግን የተኛበትንም ይጨምራል። አንዱ የተኛበትን ይቆጥራል፣ ሌላው አይቆጥርም፣ ቲ ሁለቱን ደባለቃቸው። የዲሜሴጅ ማኑዋል ራሱ ይህን ያስጠነቅቃል፣ ማሽኑ ተኝቶ ከተነሳ ሰዓቱ ልክ ላይሆን ይችላል ይላል። ማንም አያነበውም እንጂ።

እስቲ ያለ ኮምፒውተር፣ በወረቀትና በእስክሪብቶ እንስራው። አለቃህ ፊት ብትሰራው ይሻላል፣ ምክንያቱም ሰው «ኮምፒውተሩ ተሳሳተ» ሲባል አያምንም፣ ሲደመር ካየ ግን ያምናል። ክዳኑ ከተከፈተበት መስመር ተነስ፦ 36012.8። ዲስኩ ከተነቀለበት ቀንሰው፦ 59412.37 ሲቀነስ 36012.80 ይሆናል 23399.57። 23,400 ሊሞላ ግማሽ ሰከንድ ያህል ቀርቶታል። 23,400 ሰከንድ ስንት ነው? 6 ሰዓት ተኩል፣ ንክች ሳይል። በዚህ መሃል ላፕቶፑ አልተኛም፣ ስለዚህ ይህ ርቀት እውነተኛ ነው። ማክሰኞ ጠዋት ቢሮ የገባው ሰው ክዳኑን የከፈተው 2 ሰዓት ላይ ከሆነ፣ 2 ሰዓት ላይ 6 ሰዓት ተኩል ስትደምር 8 ሰዓት ተኩል። የጋሼ ደብተር ላይ ያለው ምን ነበር?

ክዳኑ የተከፈተው 2 ሰዓት ከሩብ ከሆነ 8 ሰዓት ከ45 ይሆናል። የከፈተውን ሰው ጠይቀው። ያም ቢሆን ከቀኑ 8 ሰዓት አካባቢ ነው እንጂ ሌሊት የሚባል ነገር የለም። ደግሞ ዋናውን ነገር ልብ በል፦ ማክሰኞ 00፡30 ላይ ላፕቶፑ ራሱ ተኝቷል። የተኛ ማሽን ሎግ አይጽፍም። ያ መስመር በዚያ ሰዓት ሊጻፍ የሚችልበት መንገድ አልነበረም።

አራተኛዋን መስመር ደግሞ ዝም ብለህ አልፈሃታል። ለኔ ከሁሉም የምትበልጠው እሷ ናት። ዲስኩ ተነቀለ፦ 59412.371። የኔትወርክ ሊንክ ወደቀ («ኒክ» የኔትወርክ ካርዱ ነው)፦ 59412.904። በመሃላቸው ግማሽ ሰከንድ ነው። የኔትወርክ ኬብሉ ሌላኛው ጫፍ የት ነው ያለው? መቼም ስዊቹ (ኔትወርኩን የሚያከፋፍለው ሳጥን) ላይ ነው፣ ስዊቹ ደግሞ ግድግዳ ሶኬት ላይ ነው የተሰካው። ዲስኩም እንደዚሁ፣ የራሱ አዳፕተር አለው ብለሃል። ላፕቶፑ ግን ባትሪ አለው። መብራት ሲሄድ ዲስኩ ሞተ፣ ስዊቹ ሞተ፣ ላፕቶፑ ብቻ ቆሞ ሁለቱም ሲሞቱ አይቶ ጻፈ። ሰው በእጁ ዲስኩን ነቅሎ ግማሽ ሰከንድ ውስጥ ወዲያ ማዶ ያለውን ስዊች ሊነቅል አይችልም። ጋሼ በዚህ ዕድሜያቸው እንዲያውም።

አምስተኛዋ መስመር ላይ ዲስኩ ቁጥር 4 ሆኖ ተመለሰ። ቁጥሩ ከ3 ወደ 4 ማለፉ ምንም አይደለም፣ ዩኤስቢ ያው ዕቃ ተነቅሎ ሲሰካ አዲስ ቁጥር ነው የሚሰጠው። የሚገርመው ርቀቱ ነው፦ 59661 ሲቀነስ 59412፣ 249 ሰከንድ። አራት ደቂቃ ከ9 ሰከንድ። አንድ ሰው ከበሩ ተነስቶ ጄኔሬተሩ ጋ ሄዶ፣ ናፍጣውን አይቶ፣ አስነስቶ፣ ማብሪያውን እስኪያዞር የሚፈጅበት ጊዜ ነው። እኔ ለገጣፎ ነው የምኖረው፣ እዚህም መብራት እንደዚያው ነው፣ የኛ ግቢ ጄኔሬተር ከአምስት ደቂቃ በታች ተነስቶ አያውቅም። ጋሼ ጎበዝ ናቸው።

ይህ ሁሉ ስሌት ካደከመህ ሌላ ምስክር አለህ። ኡቡንቱ ላይ ቫር ከሚባለው ፎልደር ስር ሎግ ውስጥ ግባ፣ ከርን ነጥብ ሎግ የሚባል ፋይል አለ። ያችው የዲስክ መስመር እዚያ ውስጥ ሁለት የጊዜ ምልክት ይዛ ነው የምታገኛት፦ ከፊት መልእክቱ ሲደርስ የነበረው የግድግዳ ሰዓት፣ ቀጥሎ ደግሞ ቅንፍ ውስጥ ያው 59412። ሁለቱ ጎን ለጎን ናቸው። ከፊት ያለው 14፡30 አካባቢ ካለ ነገሩ አለቀ። ጆርናልሲቲኤል የሚባለውን ትእዛዝ በሰረዝ ኬ ብታስኬደውም የከርነሉን መልእክት በግድግዳ ሰዓት ያሳይሃል፣ ምክንያቱም ሰዓቱን የሚመታበት መልእክቱን በተቀበለበት ቅጽበት ነው እንጂ ኋላ ቆይቶ እንደ ቲ አያሰላም። አንድ ነገር ብቻ፦ ላፕቶፑ ሊተኛ ሲል የተጻፉ መስመሮች ከነቃ በኋላ ያለውን ሰዓት ሊይዙ ይችላሉ። ተቀባዩ ፕሮግራም ራሱ ደንዝዞ ስለነበር ጠዋት ነቅቶ ነው የሚያነባቸው። በዚያ አትደናገጥ።

እዚህ ላይ የኛ አገር ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። የማሽንህ የሰዓት ዞን ዩቲሲ (የዓለም መነሻ ሰዓት) ላይ ከሆነ፣ ሰርቨር ላይ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ነው፣ ያች መስመር 11፡30 ትላለች። ጋሼ 8፡30 ጽፈዋል። ልዩነቱ 3 ሰዓት። ሰው ሁሉ «አሃ፣ ኢትዮጵያ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ትለያለች፣ በቃ ልክ ነው» ይልና ያልፋል። መልሱ ልክ ነው፣ ምክንያቱ ግን ገልቱ ነው። እኛ ከዩቲሲ 3 ሰዓት እንቀድማለን፣ ስለዚህ 11፡30 ላይ 3 ደምረህ 14፡30 ነው የሚሆነው። ከዚያ በሐበሻ አቆጣጠር 6 ትቀንሳለህ፣ 8፡30። 3 ጨምሮ 6 መቀነስ መጨረሻው 3 መቀነስ ነው፣ በአጋጣሚ። አንድ ቀን ማሽኑ በአዲስ አበባ ሰዓት ላይ ሆኖ 14፡30 ሲል ይኸው ሰው እንደለመደው 3 ቀንሶ 11፡30 ይልና ጉድ ይፈላል። ስለዚህ መጀመሪያ ዴት ብለህ ጻፍና መጨረሻ ላይ ዩቲሲ ይላል ወይስ ኢኤቲ (የምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት) የሚለውን እይ። (ዞኑን አዲስ አበባ ስትለው ማሽኑ ውስጥ ናይሮቢ ብታይ አትገረም። በዓለም አቀፉ የዞን ዝርዝር ውስጥ አዲስ አበባ የናይሮቢ ጥገኛ ናት፣ ሰዓታቸው አንድ ስለሆነ። አንድ ጓደኛዬ በዚህ ነገር አሁንም ይናደዳል።)

የቀኑም ነገር አለ። ጋሼ «ማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት» ብለው ቢጽፉ ኖሮ ኮምፒውተሩ ያንን ረቡዕ 01፡00 ነው የሚለው። ለሳቸው ሌሊቱ የማክሰኞ ነው፣ ገና አልነጋማ። ለማሽኑ ግን 00፡00 ካለፈ ቀኑ ተቀይሯል። የዘበኛ ደብተርና ሎግ ስታስተያይ ይህን ሁልጊዜ ጠይቅ። ያንተ ጉዳይ ከቀኑ ስለሆነ ከዚህ ተርፈሃል።

አሁን «እሺ፣ እንግዲህ ቲን ትቼ የግድግዳ ሰዓቱን ብቻ ልመን» እንዳትል። እሱም ጉዱ አለው፣ እኔን አንድ ጊዜ አሞኝቶኛል። ከጥቂት ዓመት በፊት ሰበታ አካባቢ አንድ ብሎኬት ማምረቻ ለጥገና ሄድኩ። ኡቡንቱ 14.04 የጫነ ዴስክቶፕ ነበራቸው። ማሽኑ ራሱን ያጠፋል አሉኝ። የሎግ ፋይሉን ከፈትኩ። ጃንዋሪ 1 ይላል። ወረድኩ፣ ጃንዋሪ 1። ሌላ ፋይል፣ ጃንዋሪ 1። ያ ፋይል ወርና ቀን እንጂ ዓመት አይጽፍም፣ ስለዚህ እኔ ጅሉ የሆነ ጃንዋሪ 1 ላይ ማሽኑ አሥራ ምናምን ጊዜ ወድቋል ብዬ ደመደምኩ። የጥፋት ቀን ነው የመሰለኝ። ምን ነበር ያኔ? በዓል? የመስመር ችግር? ሰዎቹንም ጠየቅኳቸው፣ ግራ ገባቸው። ለካ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሳንቲም የምታክል ባትሪ ሞታለች። መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኑ ቀኑን ረስቶ ወደ ጃንዋሪ 1 ይመለሳል። ኢንተርኔት ሲያገኝ ሰዓቱ ይስተካከላል፣ ማታ ይዘጋል፣ ጠዋት እንደገና ጃንዋሪ 1። ወር ሙሉ በየማለዳው አዲስ ዓመት ሲያከብር ነው የከረመው።

እና እዚያ ልክ የነበረው ማን መሰለህ? ቲ። ምክንያቱም ቲ የሚያሰላው ካሁኑ፣ ከተስተካከለው ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ማሽኑ ደግሞ ተኝቶ አያውቅም፣ ወይ ይበራል ወይ ይጠፋል። ፋይሉ ላይ ግን ሰዓቱ ሳይስተካከል የተመታው ጃንዋሪ 1 ለዘላለም ጃንዋሪ 1 ሆኖ ይቀራል። ያንተና የነሱ ጉዳይ የተገላቢጦሽ ነው፦ አንተ ጋ ፋይሉ ልክ ነው፣ ቲ ተሳስቷል፤ እዚያ ቲ ልክ ነበር፣ ፋይሉ ተሳስቷል። ሁለቱም ጋ ያልተሳሳተው ቅንፉ ውስጥ ያለው ጥሬ ቁጥር ነው፣ እሱ የሚጠይቅህ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የምታውቀው መነሻ ነጥብ። አንተ የክዳኑን መከፈት ተጠቀምክ። እኔ ሰበታ ላይ ሰዓቱ የተስተካከለበትን መስመር ተጠቀምኩ።

ራስበሪ ፓይ የምትባለዋን ትንሽ ኮምፒውተር ለሚጠቀሙ ደግሞ ይህ የየቀን ችግር ነው። ከ5ኛው ሞዴል በፊት ያሉት ኃይል ሲቋረጥ የሚቆጥር ሰዓት ጭራሽ የላቸውም፣ 5ኛውም ባትሪው ለብቻ ካልተገጠመለት ያው ነው። ሎግ ላይ 1970 ጃንዋሪ 1 ካየህ ያ የኮምፒውተሮቹ ዜሮ ነው፣ በኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962። ሳነሳው አይቀር፣ ከዚያ ዜሮ ጀምሮ በ32 ቢት የሚቆጥሩ አሮጌ ዕቃዎች ቁጥራቸው የሚያልቅባቸው መቼ እንደሆነ ታውቃለህ? 2038 ጃንዋሪ 19። በኛ ጥር 11 ቀን 2030፣ ጥምቀት! በአዲስ አበባ ሰዓት ከጠዋቱ 12፡14። ታቦቱ ገና ጃን ሜዳ እያለ። የዚያን ቀን ተረኛ የሆነ የሲስተም ሰው ይቅናው ብቻ። ያንተ ላፕቶፕ 64 ቢት ከሆነ አያገባህም።

ቲን በተመለከተ አንድ ተጨማሪ ነገር፣ ምናልባት ነገ አዲስ ኡቡንቱ ትጭናለህ። አዲሶቹ ዲሜሴጆች የተኛበትን ጊዜ ይጨምራሉ፣ ተሻሽለዋል። ግን የሚጨምሩት እስካሁን የተኛውን ጠቅላላ ነው፣ ለሁሉም መስመር እኩል። ስለዚህ ልክ የሚሆኑት ላፕቶፑ ለመጨረሻ ጊዜ ከነቃ በኋላ ያሉት መስመሮች ብቻ ናቸው። የቆዩት ደግሞ በተቃራኒው ወደፊት ይገፋሉ። ያችው የዲስክ መስመር ማክሰኞ ከሰዓት ብታያት 14፡30 ትላለች። ማታ ላፕቶፑን 14 ሰዓት አስተኝተህ ረቡዕ ጠዋት ብታያት ረቡዕ 04፡30 ትልሃለች። ሐሙስ ብታያት ሌላ። መስመሯ አልተነካችም፣ ሰዓቷ ግን በየቀኑ ይሸሻል። ይህን ለአለቃህ ማሳየት ከቻልክ ከኔ ትንተና ሁሉ ይበልጣል። ያንተው 18.04 ላይ ግን ይህ ማስተካከያ የለም፣ ስለዚህ ሁልጊዜ 00፡30 ላይ ነው የሚቆመው።

ማሽኑ ባይተኛም እንኳ ረጅም ጊዜ ከቆየ ትንሽ ይንሸራተታል። የግድግዳ ሰዓቱን ኢንተርኔት ያርመዋል፣ የሎጉን ቆጣሪ ማንም አያርመውም። ቆጣሪው ከአንድ ሚሊዮን ሰከንድ 20 ሰከንድ ቢስት በቀን 1.7 ሰከንድ ገደማ ነው፣ በሁለት ወር ወደ 104 ሰከንድ ይደርሳል። ላንተ ምንም አይደለም። ሁለት ሰርቨሮችን ለሚያስተያይ ሰው ግን ራስ ምታት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሁለት ተከታታይ መስመሮች ሰዓታቸው በጥቂት ማይክሮሰከንድ ወደ ኋላ ሲሄድ ታያለህ፣ ከተለያየ ኮር የመጡ ስለሆኑ ነው፣ እለፈው።

አሁን ምን ታድርግ? በመጀመሪያ ክዳኑን። ክዳን ሲዘጋ ላፕቶፑ እንዳይተኛ የሎጊንዲ ኮንፍ ፋይል ውስጥ «ሃንድል ሊድ ስዊች» የሚለውን «ኢግኖር» አድርገው። ሰርቨር ማታ አይተኛም። እንደ ሰርቨር የምትጠቀምበት ላፕቶፕ ማታ ማታ የሚተኛ ከሆነ የሌሊት ባክአፕ አለኝ ብለህ ያሰብከውም አልነበረህም፣ ይህን አስበህበታል?

ቀጥሎ፣ ሎጉ ላይ የራስህን ምልክት ትከል። ሩት ሆነህ (የአስተዳዳሪ መብት ይዘህ)፣ ዴቭ ስር ያለው ኬኤምኤስጂ ወደሚባለው ፋይል ኢኮ በሚባለው ትእዛዝ አንድ ቃልና ከጎኑ የዴትን ውጤት ጻፍበት። የጻፍከው ነገር ከከርነሉ መልእክቶች መሃል እንደ አንዱ ሆኖ ይገባል፣ ቅንፉን ይዞ። አሁን ቅንፉም የግድግዳ ሰዓቱም አንድ መስመር ላይ ናቸው። ይህን በየሰዓቱ በክሮን (ሥራን በተወሰነ ሰዓት በሚያስነሳው ፕሮግራም) እንዲጽፍ ብታደርገው ሁልጊዜ ቅርብ መነሻ አለህ፣ ማንንም «ክዳኑን ስንት ሰዓት ከፈትክ?» ብለህ መለመን አይኖርብህም። እኔ የማስተዳድራቸው ማሽኖች ሁሉ ላይ አለ። «አለሁ» የሚል ቃል ነው የምጽፈው።

ስለ መብራት መሄድም አንድ ነገር ልበልህ። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው ነው ይህን ሁሉ ምስክርነት ያገኘኸው። ዴስክቶፕ ቢሆን ኖሮ የመጨረሻዎቹ መስመሮች አብረው ይጠፉ ነበር፤ ጆርናሉ (የሲስተሙ መልእክት መዝጋቢ) ተራ መልእክቶችን ዲስክ ላይ መጻፋቸውን የሚያረጋግጠው በራሱ ቅንብር በየ5 ደቂቃው ነው፣ ወዲያው የሚያሰፍረው በጣም አስጊ የሆኑትን ብቻ ነው። ስለዚህ መብራት የሄደበት ማሽን ላይ የመጨረሻዋ መስመር 14፡26 ብትል ማሽኑ 14፡26 ላይ ነው የሞተው ማለት አይደለም። ለዲስኩና ለስዊቹ ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ የሚተካ ባትሪ) ግዙ፣ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ አራት ደቂቃ ብቻ ነው የሚያስፈልጋችሁ።

የተበላሸውን ባክአፕ በተመለከተ፣ ዲስኩ እየተጻፈበት ሳለ ነው ኃይል የተቋረጠው፣ ስለዚህ ፋይል ሲስተሙ ቆስሏል። አንማውንት ሳታደርግ (ዲስኩን ከሲስተሙ ሳታላቅቅ) ኤፍኤስሲኬ የሚባለውን የፋይል ሲስተም መጠገኛ እንዳታስኬድበት። ሲያልቅ ያለውን አድንና ባክአፑን ከመጀመሪያው እንደገና ውሰድ፣ የተጠገነውን አትመነው።

ከርን ሎጉ ውስጥ ያለችውን የዲስክ መስመር ካገኘሃት ላክልኝ። ከ14፡30 በአሥር ደቂቃ በላይ ከራቀች ክዳኑን የከፈተው ሰው 2 ሰዓት ላይ ቢሮ አልገባም ማለት ነው፣ እሱን ደግሞ አንተና አለቃህ ተነጋገሩበት።